የዋልካው መንገድና የካላ አዛር በሽታ
በገዳሪፍና በፋሽጋ ከተደረገው ምርምር የሚገኝ ትምህርት

የሕዝብ ጤና ነገር የሐኪም ብቻ ጉዳይ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። መንገድ የመሐንዲስ፣ መሣሪያ የባለሙያ፣ በሽታ ደግሞ የሐኪም ሥራ ነው እየተባለ ሁሉም በየፈርጁ ስለሚከፋፈል፣ አንዱ ለሌላው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ሳይታወቅ ይቀራል። ነገር ግን ሦስቱ በአንድ ታማሚ ላይ ይገናኛሉ። መልካም መድኃኒት ቢገኝም ታማሚው መድኃኒቱ ካለበት ስፍራ ካልደረሰ አይድንበትም፤ መንገድ ቢኖርም በመንገዱ መጨረሻ በሽታውን ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛትና በኢትዮጵያ ወሰን አጠገብ ባለው በፋሽጋ ምድር ስለ ካላ አዛር በሽታ የተደረገው ምርምር ይህን ነገር በግልጽ ስለሚያስረዳ፣ ዋና ዋናው ከዚህ በታች በየተራው ተጽፏል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ፦ ስለ አገሩና ስለ መንገዱ

ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ተከዜ፣ አንገረብና ጓንግ ወሰኑን ተሻግረው በሱዳን ምድር በአትባራ ወንዝ ይጠቃለላሉ። ሱዳኖች ተከዜን ሰቲት፣ አንገረብን ባሕረ ሰላም፣ ጓንግን አትባራ ይሏቸዋል። በእነዚህ ወንዞች መካከል ያለው ለም ሜዳ ፋሽጋ ይባላል። ምድሩ በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ለብዙ ዘመን የወሰን ክርክር ያለበት ሲሆን፣ ከ2020 መጨረሻ ወዲህም ግጭት የታየበት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ወሰኑ ለመፍረድ የተነሣ አይደለም፤ በሽታው ወሰን የማያውቅ ስለ ሆነ በሁለቱም ወገን ያለውን አንድ አድርጎ ይመለከታል።

የአካባቢው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ የሰው ክንድ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃውን ይዞ ያብጥና መንኰራኵር የማያሳልፍ ጭቃ ይሆናል። ለማሽላና ለሰሊጥ ግን እንደዚህ ያለ አፈር በቀላሉ አይገኝም። ከዚህም የተነሣ በ1944 ገደማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ ለሠራዊት ስንቅ እንዲሆን ተብሎ በገዳሪፍ አጠገብ በገደምበሊያ በትራክተር ማረስ ተጀመረ። እርሻውም ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄደ። በኢትዮጵያ በኩል የሑመራና የመተማ ሰፋፊ የሰሊጥ እርሻዎች በ1960ዎቹ ተስፋፉ።

መጓጓዣውም እርሻውን ተከትሎ መጣ። የምድር ባቡር ገዳሪፍ የደረሰው በ1928 ነው። ከኻርቱም በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው የአስፋልት ጐዳና በ1980 ተጠናቀቀ፤ ገዳሪፍን ከገላባትና ከመተማ የሚያገናኘው መንገድም ከዚያ በኋላ ተሠራ። እነዚህ ጐዳናዎች ግን የተሠሩት እህልና ሰሊጥ ወደ ገበያ እንዲደርስ ነው። ከጐዳናው ወጣ ብለው በወንዞቹ ዳር የሚገኙት መንደሮች በክረምት ከትራክተር በቀር ተሽከርካሪ አይደርስባቸውም። የካላ አዛር በሽታ የጸናባቸውም እነዚሁ መንደሮች ናቸው።

2ኛ፦ ስለ በሽታው

ካላ አዛር የሚያመጣው ሕዋስ ለዓይን የማይታይ ሲሆን፣ በ1903 ዊልያም ሊሽማን እና ቻርልስ ዶኖቫን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በየራሳቸው አግኝተውታል፤ ስለዚህም በሁለቱ ስም ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ ተባለ። በሱዳን የመጀመሪያው ታማሚ በ1904 ተመዝግቧል።

በሽታውን ከሰው ወደ ሰው የምታዛምተው የአሸዋ ዝንብ ናት። ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ርዝመቷም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ስትበር ድምፅ የላትም፤ ሩቅም አትሄድም። በምሥራቅ ሱዳን ያለችው ዓይነት በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ፣ እንዲሁም ሱዳኖች ጣልህ በሚሉት ግራርና ሂጅሊጅ በሚሉት የበደኖ ዛፍ ጫካ ቀኑን ተጠግታ ትውላለች፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ወጥታ ትናከሳለች። የምትበዛውም በበጋው ማብቂያ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። እንግዲህ ለእርሻ የተወደደው አፈር ለበሽታው አስተላላፊም መኖሪያ ሆኖ ተገኝቷል ማለት ነው።

የተነከሰ ሰው ሁሉ አይታመምም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፕሮፌሰር አሕመድ መሐመድ ኤል ሐሰንና የሥራ ጓደኞቻቸው በምሥራቅ ሱዳን ኡም ሰላላ በምትባል መንደር ሕዝቡን ዓመታት ተከታትለው ባጠኑ ጊዜ፣ ሕዋሱ ገብቶባቸው ሳለ ጤነኞች ሆነው የሚኖሩ ሰዎች መኖራቸውን አረጋግጠዋል። ከታመሙት የሚበዙት ሕፃናት ነበሩ። የታመመው ሰው ግን ለሳምንታትና ለወራት ትኩሳት ይይዘዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሰውነቱ ይመነምናል፤ ደሙም ያንሳል። ካልታከመ ከመሞት የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ነው። በጊዜው ከታከመ ግን አብዛኛው ይድናል። ስለዚህ በሞትና በሕይወት መካከል ያለው ልዩነት ታማሚው ሕክምና ካለበት የሚደርስበት ቀን ነው።

3ኛ፦ በሽታውና መንገደኛው

በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ወራት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የቀን ሠራተኞች ከጐንደር፣ ከጐጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ደጋ ወደ ሑመራ፣ ወደ መተማና ወሰን ተሻግረው ወደ ሱዳን እርሻዎች ይወርዳሉ። ደገኛው በሽታውን ስለማያውቀው ሰውነቱ መከላከያ የለውም። የሚያድረውም በሜዳ ወይም በዳስ ነው። ስለዚህ በገዳሪፍ መንደሮች ሕፃናት ሲበዙ፣ በኢትዮጵያ በኩል ከታማሚዎቹ የሚበዙት ጐልማሶች ወንዶች ሠራተኞች ናቸው። ከእነዚህም ብዙዎቹ የኤች አይ ቪ ሕዋስ ጭምር ያለባቸው ሆነው በመገኘታቸው ሕክምናው ይበልጥ አስቸጋሪ ሆኗል።

በሽታው ከተነከሱ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተደብቆ ስለሚቈይ፣ ሠራተኛው ጤነኛ መስሎ በጭነት መኪና ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሕመሙ የሚነሣውም በአገሩ ነው። የዚህ ጉዳት በ2005 በደቡብ ጐንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ታየ። ከዚያ ቀደም በሽታው በማይታወቅበት በዚያ ደጋ ብዙ ሰዎች በትኩሳት ታመው ሞቱ፤ በመጀመሪያም መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። በኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ሕዋሱንም ከሑመራና ከመተማ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ተገመተ። መኪናው ሰሊጥ ቆራጩን ሲመልስ በሽታውንም አብሮ ይመልሳል፤ የበሽታው ዕውቀት ግን ከሐኪም ቤቱ ጋር በቈላ ቀርቶ ነበር።

4ኛ፦ ለይቶ የማወቂያው መሣሪያ

የካላ አዛርን ሕዋስ በዓይን ለማየት ከጣፊያ ወይም ከንፍፊት በመርፌ ፈሳሽ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ጣፊያ መውጋት የደም መፍሰስ አደጋ ስላለበት ልምድ ያለው እጅና ትልቅ ሐኪም ቤት ያስፈልገዋል። ከዚህ የተነሣ በመንደር ሊሠራበት አይቻልም።

በ1986 ሱዳናዊው ሊቅ አብደላህ ኤል ሐሪስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከደም ብቻ በሽታውን ለመለየት የሚያስችል፣ ዋጋውም ያነሰ የመመርመሪያ ስልት አወጡ። የመጀመሪያው ዓይነት ቅመሙ ፈሳሽ ስለ ነበር ማቀዝቀዣ ይፈልግ ነበር፤ በገዳሪፍ ሐሩር ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በኋላ ቅመሙ ደርቆ እንደ ዱቄት እንዲላክ ስለ ተደረገ በመኪናና በአህያ ጭምር መጓዝ ቻለ። ሆኖም ውጤቱ የሚታወቀው በማግሥቱ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ አርኬ 39 የሚባለው ወረቀት መጣ። ይህ መሣሪያ ጥቂት ደም ተጨምሮበት በደቂቃዎች ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ኤሌክትሪክም ማቀዝቀዣም አይሻም። ነገር ግን በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው በ2014 ሲመዘኑ፣ በሕንድና በአካባቢዋ ከመቶ ታማሚዎች 97ቱን የሚያገኘው ወረቀት በምሥራቅ አፍሪካ የሚያገኘው 85 ያህሉን ብቻ መሆኑ ታወቀ። ይህ ቍጥር ቀላል መስሎ መታየት የለበትም። ከመቶ 15 ታማሚዎች የለብህም ተብለው ይመለሳሉ ማለት ነው። እነዚህን ለማዳን ትኩሳቱ ያልለቀቀውንና ጣፊያው ያበጠውን ሰው ሁሉ፣ ወረቀቱ ባይመሰክርበትም፣ ሌላ ምርመራ ወዳለበት ሐኪም ቤት መላክ ያስፈልጋል። እንግዲህ መንገዱን ያሳጥራል የተባለው መሣሪያ ራሱ መንገድ ይፈልጋል።

5ኛ፦ የሕክምናው ቀን ማጠር

ከ1940ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዘመን ታማሚው የሚታከመው ስቲቦግሉኮኔት በሚባል መድኃኒት 30 ቀን እየተወጋ ነበር። መርፌው ያማል፤ በልብና በቆሽት ላይም ጉዳት የሚያደርስበት ጊዜ አለ። ከዚህም ሌላ 30 ቀን በሐኪም ቤት መተኛት ለገበሬ ምን ማለት እንደ ሆነ መመልከት ያሻል። ሕፃን ሲታከም እናት ወይም አባት አብሮ ይቀመጣል፤ በቤት የቀሩት ልጆች ጠባቂ ያጣሉ፤ ወሩ የአረም ወይም የአጨዳ ከሆነ የዓመቱ እህል ይጠፋል። መድኃኒቱ ያለ ዋጋ ቢሰጥም የመኪናው፣ የምግቡና የባከነው የሥራ ቀን ዋጋ በቤተ ሰቡ ላይ ይወድቃል።

ይህን በመረዳት በ2003 በኻርቱም የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የሊሽማኒያ ተመራማሪዎች ማኅበር የሱዳንን፣ የኢትዮጵያን፣ የኬንያንና የኡጋንዳን ሐኪሞች አስተባበረ። ስቲቦግሉኮኔትን ፓሮሞማይሲን ከሚባል ሌላ መርፌ ጋር አጣምሮ 17 ቀን ብቻ መስጠት፣ ለብቻው 30 ቀን ከመስጠት ጋር ሲመዛዘን፣ ፈዋሽነቱ በጣም የተቀራረበ ሆኖ ተገኘ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ 30 ቀን ከታከሙት 93.9 በመቶው፣ 17 ቀን ከታከሙት 91.4 በመቶው ድነው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2010 ይህን የ17 ቀን ሕክምና ለአካባቢው መረጠ።

ሥራው በዚህ አልቆመም። በ2022 በወጣ ጥናት፣ በአራቱ አገሮች የሚገኙ ሐኪም ቤቶች፣ ከእነዚህም ውስጥ በገዳሪፍ ግዛት ያለው የዶካ ሐኪም ቤትና የጐንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት ሳይቀሩ፣ ሌላ ሕክምና ሞክረዋል። ይኸውም ፓሮሞማይሲንን በቀን አንድ ጊዜ በመርፌ፣ ሚልቴፎሲን የሚባለውን ደግሞ በአፍ በሚዋጥ እንክብል 14 ቀን መስጠት ነው። የሁለቱ ውጤት ተመሳሳይ ነበር፤ ከመቶ 91 እና 92 ያህል ሰው ዳነ። በልብ ላይ አደጋ የሚጥለው መርፌም ቀረ። ነገር ግን ሚልቴፎሲን ፅንስን ስለሚጐዳ በመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ከ30 ቀን ወደ 14 ቀን መውረድ በቍጥር 16 ቀን ማትረፍ ነው። በአጨዳ ወር ለአንድ ቤተ ሰብ 16 ቀን የዓመት ጉሮሮ ሊሆን ይችላል፤ በሐኪም ቤቱም በኩል በአንድ አልጋ በፊት አንድ ሰው ይታከምበት በነበረው ጊዜ ሁለት ሰው ይታከምበታል። ሌላው ጠንካራ መድኃኒት፣ በስብ ተሸፍኖ የሚሠራው አምፎቴሪሲን፣ ለደካሞችና ለኤች አይ ቪ ታማሚዎች ይሰጣል። ነገር ግን ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ የለበትም። በገዳሪፍ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚሆን፣ መድኃኒቱን ለመጠበቅ ማቀዝቀዣ፣ ለማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ ወይም ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩም ነዳጅ የሚያመጣ መኪና ያስፈልጋል።

6ኛ፦ አጎበርና ካርታ

ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት ከ1999 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በገዳሪፍ በሽታው ለጸናባቸው 155 መንደሮች መድኃኒት የተነከረ፣ ዓይኑ የጠበበ 357,000 አጎበር አደለ። ውጤቱ ሲጠና ወደ 1,060 ያህል ሰው ከበሽታው እንደ ተረፈ ተገመተ፤ ይህም በአማካይ የ27 በመቶ ጥበቃ ነው። አጎበሩ ከተሰጠ ከ17 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ ግን ቅነሳው 59 በመቶ ደርሷል። ከዚህ በላይ ያልሆነበት ምክንያት አለ። ሕዝቡ አጎበር የሚሰቅለው ትንኝ በሚበዛበት ክረምት ነው፤ የአሸዋ ዝንብ ግን በበጋው ማብቂያ ትበዛለች፤ ሰውም ሳይተኛ በደጅ ተቀምጦ ሳለ በምሽት ትናከሳለች።

በሕንድ አገር በሽታውን የምታስተላልፈው ዝንብ በጭቃ ቤትና በከብት ጋጥ ስለምትኖር ግድግዳውን መድኃኒት መርጨት ይጠቅማል። ባንግላዴሽም በዚህና በሌላ ዘዴ ተግታ በ2023 በሽታው የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑ እንደ ቀረ በዓለም ጤና ድርጅት ተመሰከረላት። የገዳሪፍ ዝንብ ግን የጫካና የሜዳ ናት። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ዘዴ፣ በዚያ የሠራ ቢሆንም፣ በዚህ ሳይፈተን እንዳለ መወሰድ የለበትም።

ሌላው ጥቅም የሰጠ ምርምር የካርታ ሥራ ነው። ሱዳናዊው ሊቅ ዲያ ኤልዲን ኤልናይም ከባልደረቦቻቸው ጋር ከ1996 እስከ 1999 የተመዘገቡትን ታማሚዎች በየመንደራቸው ለይተው፣ ከሳተላይት ከተገኘው ሥዕልና ከዝናብ መዝገብ ጋር አስተያዩ። በሽታው የት እንደሚጸና ከሁሉ ይልቅ የሚያመለክቱት የዝናብ መጠንና የቦታው ከፍታ ሆነው ተገኙ። ይህ ጥናት በ2003 ታተመ። እንዲህ ያለ ካርታ በአስተዳዳሪ እጅ ቢኖር፣ የምርመራ ጣቢያ ወይም የበጋ መንገድ ከማንኛው መንደር መጀመር እንዳለበት በግምት ሳይሆን በማስረጃ መወሰን ይቻላል።

7ኛ፦ የቀረው መንገድ

በደቡብ ገዳሪፍ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት ሕዝቡን ራሱን ጠይቆ ነበር። ሕዝቡ በሽታውን ስሙን፣ ምልክቱንና ገዳይነቱን ጠንቅቆ ያውቃል። ያቃተው ማወቅ አይደለም። በክረምት መንገዱ ይዘጋል፤ የመኪና ገንዘብ ይጠፋል፤ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያም መመርመሪያ ስለሌለው ወባ ነው ብሎ መልሶ ይሰዳል። ታማሚውም ሁለትና ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ፣ ጉልበቱና ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ወደ ትክክለኛው ሐኪም ቤት ይደርሳል፤ አንዳንዱም ሳይደርስ ይቀራል።

ጦርነትም ይህን ችግር አባብሶታል። ከኅዳር 2020 ጀምሮ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ስደተኞች ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻግረው በገዳሪፍ ግዛት በኡም ራኩባና በቱነይድባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2023 በኻርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ ሌላ ብዙ ተፈናቃይ ወደ ገዳሪፍ ገባ፤ ከኻርቱም ይመጣ የነበረው መድኃኒትም መንገዱ ታወከ። በደቡብ ሱዳን በምዕራብ የላይኛው ዓባይ ከ1984 እስከ 1994 በተነሣው ወረርሽኝ 100,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በዚያም ጊዜ ነገሩ በውጭ የታወቀው በ1988፣ ሸሽተው ኻርቱም የደረሱት ታማሚዎች ከተመረመሩ በኋላ ነበር። መንገድ ሲዘጋ በሽታ ብቻ ሳይሆን የበሽታው ወሬም ይታፈናል።

8ኛ፦ ከዚህ ትምህርት የሚወጣ ምክር

ሀ. የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት የመንገድ ጥገና ዕቅድ ሲያወጡ፣ የእህል ገበያ የሚሄድበትን ብቻ ሳይሆን ታማሚ የሚመጣበትንም መንገድ ከጤና ጥበቃ ሠራተኞች ጋር ተነጋግረው መመዝገብ ይገባቸዋል። ዝናም ሳይጥል መመርመሪያና መድኃኒት በሩቆቹ ጣቢያዎች እንዲከማች ማድረግ ክረምቱ ከገባ በኋላ መኪና ከመላክ ይቀላል።

ለ. የእርሻ ባለቤቶች ለሠራተኞቻቸው አጎበር መስጠትና ከጫካና ከስንጥቅ ምድር የራቀ ማደሪያ ማዘጋጀት አለባቸው፤ የታመመውንም ሠራተኛ በሰሊጥ ጫኝ መኪናቸው ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ የሰብዓዊነት ግዴታ ነው።

ሐ. በደጋ ያሉ የጤና ሠራተኞች ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት የያዘውን ሰው ባለፈው ዓመት የት ሠርተህ ነበር ብለው መጠየቅ አይርሱ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም፤ በሊቦ ከምከም የደረሰው ዓይነት ጥፋት ሳይዘገይ እንዲታወቅ ግን ይረዳል።

መ. የከተማ ነዋሪም ከቈላ የተመለሰ ዘመዱ ቢታመም፣ በወባ መድኃኒት ካልተሻለው፣ ሳይውል ሳያድር ካላ አዛር ወደሚመረመርበት ሐኪም ቤት ይውሰደው።

ሊቃውንቱ በገዳሪፍና በጐንደር ብዙ ዓመት ደክመው የሕክምናውን ቀን ከ30 ወደ 14 አውርደዋል፤ ምርመራውንም ከማይክሮስኮፕ ወደ አንድ ወረቀት አሳጥረዋል። ከመንደሩ ደጃፍ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ያለውን የዋልካ ጭቃ ማሳጠር ግን የሐኪም ሳይሆን የአስተዳደርና የሕዝብ ሥራ ነው። ይህ ሥራ እስኪፈጸም ድረስ የ14 ቀኑ መድኃኒት ለመድረስ ለቻለው ብቻ ይሆናል።